የተገለበጠው ክዳን

መርማሪዋ ያረረ ድስት በቢላ ስትፍቅ ስልኳ ጮኸ። እሑድ ነው፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እንኳ አልሞላም። ድስቱን ያሳረረችው ትናንት ነው፤ ምሳዋን ጥዳ ፋይል ውስጥ ስትዋጥ። ጎረቤቷ በሩን እየደበደበች «ኧረ አንቺ ልጅ፣ ቤቱን አቃጠልሽው!» ባትላት ኖሮ አትነቃም ነበር። ስትሮጥ ጭሱ ወጥ ቤቱን ሞልቶታል፤ እሳቱ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ከድስቱ ሥር ሰማያዊ ሆኖ ይነድ ነበር። አሁን ቢላው ላይ ላዩን ይንሸራተታል እንጂ ያረረው ንቅንቅ አይልም።

ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሃል ወትፋ መፋቋን ቀጠለች።

«ምንድን ነው የሚንቋቋው?» አለ አለቃዋ።

«ድስት።»

«ይገርማል። እኔም የደወልኩት ስለ ድስት ነው።»

አለቃዋ ነገሩን በአንድ ትንፋሽ ነገራት። አንዲት ጡረታ የወጡ የምግብ ዝግጅት መምህርት ትናንት ከሰዓት በኋላ ቤታቸው ውስጥ ጋዝ አፍኗቸው ሞተዋል። የቤት ሠራተኛቸው ድስት ጥዳ ገበያ ሄደች፤ ድስቱ ገነፈለ፣ እሳቱ ጠፋ፣ ጋዙ መውጣቱን ቀጠለ። መምህርቷ ተኝተው ነበር። በቃ።

«የቀረው ያንቺ ፊርማ ነው። ልጅቷን ስድስት ሰዓት ላይ መኪናው ወደ ዋናው ማረፊያ ቤት ይወስዳታል። በቸልተኝነት ሰው መግደል።»

«አምናለች?»

«ታለቅሳለች።»

«ማልቀስ ማመን ሆነ እንዴ?»

«ክብሪት» አለ አለቃዋ። ቢሮ ውስጥ የሚጠሯት በዚህ ስም ነው፤ ቶሎ ስለምትቀጣጠል። «እባክሽ እሑዴን አታቃጥይብኝ። ሂጂ፣ እዪ፣ ፈርሚ።»

ቢላውን ወርውራ ወጣች።

ቤቱ አሮጌ ነው፤ ግን በደንብ የተያዘ። ወደ መንገድ የምታየው የፊት ክፍል ለአንዲት ልብስ ሰፊ ተከራይታለች። ከእሷ ቀጥሎ ረጅም ኮሪደር አለ፤ ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ወጥ ቤት፤ ከወጥ ቤቱ ጋር በር በሌለው መተላለፊያ የተያያዘች ጠባብ ማረፊያ ክፍል። መምህርቷ የሞቱት እዚያች ክፍል ውስጥ፣ ሶፋቸው ላይ ነው። ከወጥ ቤቱ ኋላ በረንዳ፣ ዕቃ ቤትና ወደ ጀርባ መንገድ የሚያወጣ ትንሽ የብረት በር ይታያል።

ጡረታቸው ሦስት ወር የቀረው ሃምሳ አለቃ ወጥ ቤቱ በር ላይ ወንበር ስበው ተቀምጠው ነበር።

«ትናንት የደረሱት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ። ድስቱ እንዳለ ነው፤ ማንም አልነካውም።»

መርማሪዋ አጎነበሰች። ድስቱ የማይዝግ ብረት ነው፤ ወፍራም፣ ጥሩ ዕቃ። ውስጡ እንደ ከሰል ጠቁሯል። በጥቁሩ ዳርና ዳር ግን አመድ የመሰለ ነጭ ነገር ደርቆ ይታያል። ምድጃውን አየችው፤ ፊት ያሳያል። ግድግዳውን አየችው፤ ነጭ ነው። ከዚያ መጋረጃውን ይዛ አፍንጫዋ ላይ ለጠፈችው።

«ምን ልትሆኚ ነው?» አሉ ሃምሳ አለቃው።

«አይሸትም።»

«ምን ይሽተት?»

«የኔ ቤት መጋረጃ ከትናንት ጀምሮ የተቃጠለ ምግብ ይሸታል።»

«አንቺ ደግሞ ምን አቃጠልሽ?»

«እሱን ይተዉት። ሃምሳ አለቃ፣ ይሄ እሳት እንዴት ጠፋ?»

«ገንፍሎ ነዋ! ውሃው ገንፍሎ እሳቱን አጠፋው።»

«ገንፍሎ ካጠፋው ድስቱ ውስጥ ውሃ አለ ማለት ነው። እሳት ከጠፋ በኋላ ምን አሳረረው?»

ሃምሳ አለቃው አጎንብሰው ድስቱን አዩት። «እንግዲህ መጀመሪያ አሮ ይሆናላ።»

«ካረረ በኋላ ምኑ ይገነፍላል?»

«ነፋስስ?»

«መስኮቱ ዝግ ነበር ብለው ጽፈዋል።»

«ጽፌያለሁ» አሉ ቅር እያላቸው።

መርማሪዋ ጠባቧን ወጥ ቤት ከዳር እስከ ዳር ሦስት ጊዜ ተመላለሰችባት። መደርደሪያው ላይ ድስቶቹ በቁመታቸው ተሰልፈው እያንዳንዱ ክዳኑን ደፍቷል። ያረረው ድስት ብቻ ክዳን የለውም። ምድጃው ላይም፣ ማጠቢያው ውስጥም፣ የትም የለም።

«ክዳኑስ?»

«የምን ክዳን?» አሉ ሃምሳ አለቃው።

ሰዓቷን አየች። ሦስት ተኩል።

ልብስ ሰፊዋ የክፍሏ ወለል ላይ የወዳደቁ ቁርጥራጮች መሃል ቆማ፣ ሜትሯን አንገቷ ላይ ጥላ፣ ጣቶቿ በጠመኔ ነጭ ሆነው ተቀበለቻት።

«ልጅቷ ስምንት ሰዓት ላይ ዘንቢሏን ይዛ በዚህ በመስኮቴ አለፈች። ‹ቲማቲም ልጨምርልሽ?› ብላኛለች። ከዚያ እስከ አስር ሰዓት የስፌት መኪናዬ ላይ ነበርኩ። ይሄ ማሽን ሲሠራ ቤት ቢፈርስ አይሰማኝም። ማዶ ያለው ባለ ሱቅ ይመስክር፤ ጆሮዬን አደነቆርሽው እያለ ሲሰድበኝ ነው የዋለው። ክር ልቀይር ስቆም ጋዙ ሸተተኝ።»

«ጋዝ ብቻ?»

«ሌላ ምን ይሸተኛል?»

«ከዚያስ?»

«ጮህኩ። የኮሪደሩ በር ተቆልፏል፣ እኔ ቁልፍ የለኝም። የመምህርት የወንድማቸው ልጅ በፊት በር ሲገባ ደረሰልኝ። ከፈተና ተያይዘን ገባን። እሱ ጋዙን ዘጋ፣ እኔ መስኮቱን በረገድኩ። ከዚያ ድስቱን አንስቼ ልወረውረው አልኩና መልሼ አስቀመጥኩት። ሰው ሲደነግጥ እጁ አያርፍም።»

መርማሪዋ ወደ ሃምሳ አለቃው ዞረች። ሃምሳ አለቃው ጣሪያውን ማየት ጀመሩ።

«በምን ያዙት?»

«በምን ልያዘው? በእጄ ነዋ!» ልብስ ሰፊዋ መዳፏን ገልብጣ አየችው። «ቀዝቃዛ ነበር» አለች ቀስ ብላ።

መዳፏ ግን በሌላ ምክንያት ቀልቶ ተልጧል።

«ይሄስ ምንድን ነው?»

«እሱማ የጠርሙሱ ሥራ ነው።» ከመኪናዋ ሥር አንድ ጠርሙስ አወጣች። ልጣፉ ላይ አንዲት ነጭ ሽሩባ ያላቸው ሴትዮ ፈገግ ብለዋል፤ ከሥራቸው «የመምህርት ድስት ማጽጃ፦ በሶዳና በሎሚ ብቻ» የሚል ተጽፏል። «የወንድማቸው ልጅ ነው የሚያመርተው። ሥዕሉን የሰጡት እሳቸው ናቸው፤ ልጃችን ይደግ ብለው። እጄን ሲያዩ ጊዜ ከጠርሙሱ ጥቂት ተቀበሉኝና አንድ የአልሙኒየም መጥበሻ ላይ አፈሰሱት። መጥበሻው ጠቆረ፣ ተቦረቦረ። ሁለት ቀን ሰው አላናገሩም።»

የመምህርቷ ታናሽ እህት ሳሎን ውስጥ፣ ሊያጽናኑ ከመጡ ሁለት ሴቶች መሃል ተቀምጠው ነበር። ሃምሳ አለቃው በመርማሪዋ ጆሮ «ቤቱን ሽጪው እያሉ ሲጨቀጭቋቸው ነበር አሉ» ብለው ሹክ አሏት። ሹክታቸው ለመንገድ ይሰማል።

«ጨቅጭቄያለሁ!» አሉ እህትየዋ። «ብቻሽን አትኑሪ፣ እኔ ጋ ነይ ብያለሁ። ወንጀል ከሆነ ጻፊው።»

«ትናንት ከስምንት እስከ አስር ሰዓት የት ነበሩ?»

«ጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ አፌን ከፍቼ። እስካሁን ግማሽ ፊቴ የኔ አይደለም።»

«እህትዎ ጋዙ እንዴት አልሸተታቸውም?»

«አፍንጫዋ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆነው፤ አንድ ክፉ ጉንፋን ይዞባት ሄደ። ምግብ ማሽተት ለሷ እኮ ሙያዋ ነበር። አላዘነችም ግን፤ ልጅቷን ‹አፍንጫዬ› ብላ ትጠራት ጀመር። ወጡ ጠነዛ፣ ወተቱ ከረፋ፣ ሁሉን የምትነግራት ልጅቷ ናት። የወጥ ቤቱ መስኮት ደግሞ በእንጨት ሽብልቅ ተይዞ ቀን ከሌት ክፍት ነው። ለጥንቃቄ።»

«ትናንት ዝግ ነበር።»

እህትየዋ ዓይናቸውን ወለሉ ላይ ተከሉ። «እሱ ነው ያልገባኝ። ያቺ ልጅ ድስት ልትረሳ ትችላለች። መስኮቱን ግን ምን ብላ ትዘጋዋለች?»

«ከሰሞኑ የተለየ ነገር ነግረውዎታል?»

«ሰኞ ወደ ጥራት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት አብረሽኝ ትሄጃለሽ አለችኝ። ለምን ስላት ‹ፊቴን ላስመልስ ነው› አለች። ስትቀልድ መሰለኝ።»

የወንድምየው ልጅ ደጃፉ ላይ ቆሞ እንግዳ ይቀበላል፤ በመሃል በመሃሉ ስልኩን ያያል። ጥቁር ሱፍ ለብሷል። ጥቁር ጫማው ተወልውሎ እንደ መስተዋት ያብለጨልጫል።

«እህቴ፣ እኔ አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ» አለ መርማሪዋ ገና አፏን ሳትከፍት። «ልጅቷ ላይ አትጨክኑባት። ልጅ ናት፤ ትረሳለች። ሆን ብላ አይደለም።»

«ደግ ነዎት። ሲገቡ ምን አዩ?»

«ከበር ነው ሽታው የተቀበለኝ። ያረረ ምግብ፣ ጭስ ጭስ የሚል። ጋዙም አለ።»

«ጭስም ነበር?»

«ትንሽ።»

«በየት በር ገቡ?»

«በፊት ለፊቱ። ልብስ ሰፊዋ አይታኛለች።»

«የጓሮው በር ቁልፍም አለዎት?»

«አለኝ። ዕቃ ቤቱ ውስጥ ባዶ ጠርሙስ አስቀምጣለሁ። ግን በዚያ በኩል ከረገጥኩ ሳምንት አልፎኛል።»

መርማሪዋ ዓይኗን ከፊቱ አውርዳ ጫማው ላይ አሳረፈች። ቆዳው ያበራል። የግራው ማሰሪያ ግን ጫፍና ጫፉ ነጣ ብሎ፣ ስታርች እንደተነከረ ክር ድርቅ ብሏል። ሰዓቷ አምስት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ነበር።

«ሃምሳ አለቃ፣ ልጅቷን አምጡልኝ።»

«እዚህ? መኪናው እኮ...»

«መኪናው ይጠብቅ!»

ልጅቷ ስትመጣ ዓይኗ አብጦ ሁለት ስንጥቅ ሆኗል። ኮሪደሩ ውስጥ ስትገባ ግድግዳውን ተደገፈች።

«እትዬን ገደልኳቸው» አለች።

«ተይ እሱን። ትናንት ከመውጣትሽ በፊት ምን ጣድሽ?»

«አላውቅም።»

«እንዴት አታውቂም? እጅሽ አይደለም እንዴ የሚጥደው?»

«እኔ የማስታውሰው ምሳ አቅርቤ፣ ዕቃ አጥቤ፣ ምድጃውን ወልውዬ መውጣቴን ነው። እሳቸው ጋደም ብለው ነበር። ምንም የጣድኩ አይመስለኝም። ግን ሁሉም ጥደሻል አሉኝ። ደጋግመው ሲሉኝ ጊዜ ጥጄ ይሆናል አልኩ።»

«መስኮቱንስ?»

«መስኮቱንማ አልነካውም! እሱ እንኳ ቃሌ ነው።»

«ድስቱን አሳይተውሻል?»

«የቱን ድስት?»

መርማሪዋ ቆሽቷ አረረ። «አንዲት ልጅ በድስት ልትታሰር ነው፤ ድስቱን ያሳያት ሰው የለም?» ብላ ወደ ሃምሳ አለቃው ስትዞር እሳቸው በጣም አስፈላጊ ነገር ኪሳቸው ውስጥ ይፈልጉ ነበር።

ልጅቷን ክንዷን ይዛ ወደ ወጥ ቤት አስገባቻት። ልጅቷ አንገቷን አስግጋ ወደ ድስቱ አየች። ለቅሶዋ እንደተዘጋ ቧንቧ ቀጥ አለ።

«ይሄማ የዓርቡ ነው!»

«የዓርቡ ምን?»

«ዓርብ ቦሎቄ ያሳረርኩበት! እትዬ አልተቆጡኝም፤ ‹ሽቦ ብቻ እንዳታስነኪው› አሉኝ። መጀመሪያ ውሃና አቼቶ አድርገን አፈላንበትና ደፋነው። ከዚያ ሶዳ ዘርግፈን በትንሽ ሙቅ ውሃ አላላነውና የኋላው በረንዳ ላይ አስቀመጥነው። እሑድ ጠዋት ያረረው በራሱ ጊዜ ይነሳል ብለውኝ ነበር።» ልጅቷ ዛሬ ምን ቀን እንደሆነ ትዝ አላት። «ዛሬ ማለት ነው።»

«ሶዳውንና አቼቶውን ለምን አንድ ላይ አላደረጋችሁትም?»

«አንድ ላይማ ይንጨረጨሩና ተያይዘው ያልቃሉ፤ የሚቀረው ውሃ ነው። ተራ በተራ ነው። እትዬ ክፍል ውስጥ ስንቱን ያስተማሩት እኮ ይሄንን ነው።»

«ክዳኑስ የት ሄደ?»

«ገልብጠን ነው የደፋንበት፤ እጀታው ወደ ውስጥ ሆኖ። እዚህ ቤት የተገለበጠ ክዳን ማለት አትንኩኝ፣ ሶዳ ላይ ነኝ ማለት ነው። ታናሽ እህታቸውም ያውቃሉ፤ ከእናታቸው የመጣ ነው።»

መርማሪዋ በረንዳው ላይ ለመድረስ ሩጫ ነው የቀራት። ከውሃ በርሜሉ ጀርባ፣ ሲሚንቶው ላይ፣ ክዳኑ እጀታውን ወደ ታች አድርጎ ተንጋሎ ነበር። አጠገቡ የድስት ቂጥ የሚያህል ነጭ ክብ ምልክት አለ። ከክቡ እስከ ፍሳሹ ድረስ ደግሞ የተደፋ ውሃ ደርቆ ነጭ መስመር ትቷል፤ ዳርና ዳሩ ላይ ፍንጣሪ።

ለረጅም ጊዜ ቁጢጥ ብላ አየችው። ለእሷ ረጅም ማለት ግማሽ ደቂቃ ነው።

«ሃምሳ አለቃ! ሁሉንም ሰው ወጥ ቤት ሰብስቡልኝ። አንቺ ደግሞ አቼቶ አምጪልኝ። አንድ ብርጭቆ ንጹህ ውሃም።»

አምስት ሰዓት ተኩል ሲል ስድስት ሰው ጠባቧ ወጥ ቤት ውስጥ ተፋፍጎ ቆሟል። እህትየዋ ብቻ ወንበር አግኝተዋል። ውጭ የወህኒው መኪና ሞተሩን ሳያጠፋ ይጠብቃል።

«ትናንት እዚህ ቤት የተቃጠለ ነገር የለም» አለች መርማሪዋ።

«ይሄው አይደል እንዴ ድስቱ!» አለ የወንድምየው ልጅ።

«ይሄው ነው። ከሱ እንጀምር። ድስት ከገነፈለ እሳቱን ያጠፋል፤ እሳት ከጠፋ ግን ምግቡ አያርም። ድስት ካረረ ደግሞ ውሃው አልቋል፤ የሚገነፍል ነገር የለውም፤ እሳቱም አይጠፋም። እኔ ራሴ ትናንት ድስት አሳርሬ እሳቱ እንደነደደ ነው የደረስኩት። አንድ ድስት ገንፍሎም አሮም እሳቱን ሊያጠፋ አይችልም። ምድጃው ላይ የገነፈለ ጠብታ የለም። መስኮቱም ዝግ ስለነበር ነፋስ አላጠፋውም። እንግዲህ ከዚህ ድስት ሥር እሳት አልነበረም፤ ጋዙ ተከፈተ እንጂ አልተለኮሰም።»

መርማሪዋ ሁለተኛ ጣቷን አወጣች።

«ሁለተኛ፣ ልብስ ሰፊዋ ድስቱን በባዶ እጃቸው አነሱት፤ ቀዝቃዛ ነበር። ልጅቷ ከወጣች ሁለት ሰዓት ብቻ ነው የሆነው። በዚያች ሁለት ሰዓት ውስጥ ድስቱ ፈልቶ፣ ውሃው ተንኖ፣ ከሰል እስኪሆን አሮ፣ ጠፍቶ፣ ወፍራም ብረቱ እንደ በረዶ ቀዘቀዘ? መጋረጃው እንኳ ሳይሸት?»

ከዚያ ወደ ድስቱ ዞረች። «ልጅቷ ድስቱ ዓርብ ነው ያረረው ትላለች። ሶዳ ውስጥ ተዘፍዝፎ ነበር ትላለች። የታሰረ ሰው ብዙ ይላል። ድስቱን እንጠይቀዋ።»

አቼቶውን አዘነበለችው።

መጀመሪያ ምንም አልሆነም። ከዚያ ከጥቁሩ ሥር አንድ ነገር ሽሽሽ አለ። ነጭ አረፋ በስንጥቁ ሁሉ ተፍለቀለቀ፣ አበጠ፣ የድስቱን ግድግዳ ይዞ ወጣ። አንድ የመዳፍ ያህል ጥቁር ቅርፊት ከድስቱ ቂጥ ተላቆ አረፋው ላይ ተንሳፈፈ፤ ከሥሩ ብረቱ ብልጭ አለ።

«ተነሳ» አለች ልጅቷ በሹክሹክታ። «እንዳሉት ተነሳ።»

እህትየዋ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

«ስለዚህ» አለች መርማሪዋ ድምጿን ሳትለውጥ «አንድ ሰው በጀርባው በር ገባ። በረንዳው ላይ የተቀመጠውን ድስት ክዳኑን አንስቶ አየው፤ አሯል። ውስጡ ያለውን ደፋ፣ ድስቱን ምድጃው ላይ አስቀመጠ፣ ሽብልቁን ነቅሎ መስኮቱን ዘጋ፣ ጋዙን ከፍቶ በመጣበት ሄደ። አፍንጫቸው የማይሠራ ሴትዮ አራት እርምጃ ራቅ ብለው ተኝተዋል። ማን ነው ይሄ? ታናሽ እህታቸው የተገለበጠ ክዳን ምን እንደሆነ ያውቃሉ፤ እሳቸው ቢሆኑ ድስቱን አጥበው ነበር የሚያመጡት። ልብስ ሰፊዋ የማንኛውም በር ቁልፍ የላቸውም፤ የመኪናቸውን ጩኸት መንደሩ ሲሰማ ውሏል። የምፈልገው ቁልፍ ያለውን፣ ግን ውሃ የደፋ መስሎት ሶዳ የደፋውን ሰው ነው። ሶዳ ብሎ ልጣፍ ላይ የሚጽፍ፣ ሶዳ ቢያይ ግን የማያውቅ።»

የሁሉም ዓይን ወደ አንድ ቦታ ሄደ።

የወንድምየው ልጅ ሳቀ። «የሳይንስ ትምህርት ላይ ነን እንዴ?»

«የግራ ጫማዎን ማሰሪያ ይፍቱልኝ።»

«ምን?»

«ማሰሪያውን። ወይስ ሃምሳ አለቃ ይፍቱልዎ?»

ሃምሳ አለቃው ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ ብሏቸው ወደ ፊት ተራመዱ። ማሰሪያው ተፈታ። መርማሪዋ ነጣ ካሉት ጫፎች አንዱ ላይ አቼቶ ጠብ አደረገች። ጫፉ ተንጨረጨረ፤ ጥቃቅን አረፋዎች ክሩን ወረሩት።

«ጠመኔ ነዋ!» አለ እሱ ፈጥኖ። «የሷ ጠመኔ ነው። ጠመኔም አቼቶ ሲነካው አረፋ ያወጣል!»

«አንተ ደሞ!» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ሱሪህን እንኳ ሌላ ቦታ የምታሰፋ ሰውዬ፣ እኔ ክፍል መቼ ረግጠህ ታውቃለህ?»

«ስለ ጠመኔው ልክ ነው» አለች መርማሪዋ። «እኔም አስቤበታለሁ።» ሌላኛውን ጫፍ ብርጭቆው ውስጥ ነክራ አማሰለችው። «ጠመኔ ግን ውሃ ውስጥ አይሟሟም፤ ውሃውን አደፍርሶ ከታች ይዘቅጣል። እዩት።» ብርጭቆውን ወደ ብርሃኑ አነሳችው። ማሰሪያው ጠቁሯል፤ ውሃው ኩልል ብሏል። «ነጩ የት ሄደ?» አቼቶ ጨመረችበት። ኩልል ያለው ውሃ ከታች ወደ ላይ አረፋ ረጨ።

«ጫማህን ወለወልክ፤ ማሰሪያውን ረሳኸው» አለች። ከጠዋት ጀምሮ የነበረው «እርስዎ» እዚህ ላይ አበቃ። «ሳምንት ሙሉ ያልረገጥከው በረንዳ እግርህ ላይ ምን ይሠራል? ደግሞ ከበር የተቀበለህ የምን ጭስ ነው? ይሄን ሁሉ ሰው ጋዝ ብቻ ሲሸተው፣ ያንተ አፍንጫ ብቻ የዓርብን ቦሎቄ ቅዳሜ እንዴት አሸተተ?»

የወንድምየው ልጅ ጫማውን አየ። ስልኩ ኪሱ ውስጥ ይርገበገባል።

«ምክንያቱ ጠርሙስህ ላይ ተጽፏል። ሶዳና ሎሚ አንድ ጠርሙስ ውስጥ ተዘግተው አይኖሩም፤ ተያይዘው ያልቁና ውሃ ይሆናሉ። ይሄን የምታውቀው ልጅ ናት፣ ከአክስትህ የተማረች። አንተ የምትሸጠው ቆዳ የሚልጥ፣ አልሙኒየም የሚቦረቡር ኬሚካል ነው፤ በአክስትህ ፈገግታ ጠቅልለህ። ሰኞ ሥዕሏን ከልጣፍህ ላይ ልታስነሳ ነበር።»

«ፊቴን ላስመልስ ነው ያለችኝ...» አሉ እህትየዋ ከወንበራቸው እየተነሱ። «ይሄንን ነው?»

የወንድምየው ልጅ ወደ መርማሪዋ አልዞረም። ያናገረው ታናሽ አክስቱን ነው።

«ለመንኳት እኮ። አንድ ዓመት ብቻ ታገሺኝ አልኳት። ሥዕሏ ከተነሳ ማን ይገዛኛል?» ከዚያ፣ የሚያጽናና ይመስል፣ «ምንም አልተሰማትም። ተኝታ ነበር» አለ።

«አፍንጫ እንደሌላት ታውቃለህ» አሉ እህትየዋ። በጥፊ ይመቱታል ተብሎ ሲጠበቅ እጃቸው ወረደ። «አፍንጫዋን ደግሞ ገበያ እስክትሄድ ጠበቅካት።»

ስድስት ሰዓት ላይ መኪናው ሄደ። አለቃዋ በስልክ ያዘዘው ሌላ ነበር፤ መኪናው የጫነው ሌላ ሆነ።

ልጅቷ ምን እንደምታደርግ ግራ ገብቷት ወጥ ቤቱ መሃል ቆማ ቆየች። ከዚያ መሳቢያውን ከፍታ ሽብልቁን አገኘችው፤ መስኮቱን በርግዳ ሥሩ ሰካችው። እጇ በልማድ ወደ ድስቱ ሄደ።

«እሱን አትንኪ» አለች መርማሪዋ። «ማስረጃ ነው።»

«አሁን ካልታጠበ እኮ...»

«ከፍርድ በኋላ ታጥቢዋለሽ።»

እህትየዋ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ዕቃሽን ያዢ። እኔ ጋ ትሄጃለሽ» አሏት ልጅቷን። «እኔ እንኳ ደህና አሸታለሁ። ሶዳውን የምታስተምረኝ ሰው ግን የለኝም፤ ሁልጊዜ የምደውለው ለሷ ነበር።»

መርማሪዋ በሩ ጋ ደርሳ ቆመች። መጠየቅ አትወድም።

«ድስት በቢላ ቢፋቅ ምን ይሆናል?»

«በቢላ?» ልጅቷ ያበጡ ዓይኖቿን አፈጠጠች፤ ከትናንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ላይ ከሐዘን ሌላ ነገር መጣበት። «ምን ያለ ሰው ነው ድስት በቢላ የሚፍቅ?»

«የማውቀው ሰው ነው።»

«በሉ ንገሯት፣ ቢላውን ትጣል። መጀመሪያ በአቼቶ ታፍላው፣ ትድፋው። ከዚያ ሶዳ፣ ሳትሰስት። ከዚያ እስከ ነገ ዞር ብላ አትየው።»

መርማሪዋ ቤቷ ስትገባ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ አቼቶውን አፈላች፣ ደፋች። ሶዳውን ዘረገፈች። ክዳኑን ገልብጣ ደፋችው።

ከዚያ ተቀመጠች። ተነሳች። መስኮቱን ከፈተች። ተመልሳ ድስቱ አጠገብ ቆመች፤ እጇን ወደ ክዳኑ ሰደደች፤ እጀታው የለም፣ ወደ ውስጥ ነው። እጇን መለሰች።